ኩታራ ሲገባ ጨው

ሰኞ 2

ዛሬ ስሜን ምሳ ቤት ሰሌዳ ላይ አየሁት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ድሮ በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ነበር የማልፈው። እህቴ ከተቀበረች ወዲህ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ግን በሌላ መንገድ ስዞር ከረምኩ፤ እታለም ትሠራበት የነበረው ምሳ ቤት እዚያ ስላለ። ዛሬ ዝናብ ያዘኝና በአጭሩ መጣሁ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አቁመዋል። በነጭ ጠመኔ፦ «አዲስ፦ አምስት ዓይነት ሳልሳ። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ አማች፣ ኩታራ።»

ኩታራ እኔ ነኝ።

ስሙን ያወጣችልኝ እህቴ እታለም ናት። ኩላሊቷ ነው የገደላት። የሳልሳዎቹንም ስም ያወጣችው እሷው ናት፣ በእኛ ማዕድ ቤት፣ በእኛ ላይ እየቀለደች። ሳልሳ ሁሉ፣ በዳቦ እየተጠቀሰ የሚበላው ማባያ፣ አንድ እናት አለው ትል ነበር፤ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ጨው። እሱን ካወቅህ ሌላው ልጅ ማሳደግ ነው። ቲማቲሙና ነጭ ሽንኩርቱ ደረቅ መጥበሻ ላይ እስኪጠቁሩ ከተጠበሱ «አባት» ይሆናል፤ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል፣ ከበሰለ ግን ቶሎ አይበላሽም። አረንጓዴ ቲማቲምና እጥፍ ቃሪያ «ጎረቤት» ነው፤ ከሁሉም ምግብ ጋር ልግባ ይላል። አናናስ ያለበት «አማች» ነው፤ መጀመሪያ ማንም አይወደውም፣ ኋላ ማንም አያስወጣውም። ማንጎው ደግሞ «ኩታራ»፤ ሲቀርቡት ይጣፍጣል፣ ካመኑት ያቃጥላል።

የቤት ቀልዳችን ፌርማታ ላይ ተጽፎ ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ ያነበዋል። የውስጥ ልብሳችንን መንገድ ላይ ያሰጡት መሰለኝ።

ረቡዕ 4

እታለም የሳልሳዎቹን አሠራር የጻፈችበት ደብተር የለም። ሰማያዊ፣ ባለ ካሬ፣ ሽፋኑ ላይ የዘይት ጣት ያረፈበት። ከማንኪያዎቹ በታች ያለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት።

እማዬን ጠየቅኋት። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ ሥራዋ ስፌት ነው። «እኔ እንጃ» አለች፣ መርፌውን በጥርሷ እንደያዘች። እማዬ ስትናገር መርፌዋን መጀመሪያ ታወጣለች። ዛሬ አላወጣችም። ደክሟት ይሆናል።

አባዬ ደግሞ «ደብተር ነው፣ ወርቅ አይደለም። ተወው» አለኝ።

ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። ረጅሟ ናት። ከእታለም ጋር በአንድ ምድጃ አራት ዓመት ሠርታለች። ቤታችን እንግዳ ሆና አታውቅም፤ እናቴን «እማዬ» ነው የምትላት። እታለም ሲብስባት አልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ታድር ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን አንድ ቀን ብቅ አላለችም። አዝና ነው አልን። አዝና ሳይሆን ይዛ ነው።

ሐሙስ 5፣ በእረፍት ሰዓት

አጠገቤ የሚቀመጠው ፊሽካ ነው። የፊት ጥርሱ ስለተሸረፈ ሲያወራ ያፏጫል። እታለም በመስኮት ስትጠራኝ ሰምቶ ስሜን ያውቃል።

«ትናንት ከአባቴ ጋር በላንህ» አለኝ።

«እና?»

«ያው እንደምታውቀው ነህ። መጨረሻ ላይ ታቃጥላለህ።»

ሳቅሁ። ልመታው ነበር። ደወል ተደወለ።

እሑድ 8

ዛሬ እናትን ሠራሁ፣ ያለ ደብተር። ሺህ ጊዜ ሲሠራ አይቻለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ማየት ግን ሌላ ነው። ቲማቲሙን ከትፌ ከሽንኩርቱ ጋር ደባለቅሁት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ ጨው በማንኪያ አደረግሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሾርባ ሆነ። ጨው ስጨምር ውሃው ይበዛል፣ ውሃው ሲበዛ ጨው እጨምራለሁ።

እማዬ በዳቦ ጫፍ ነክታ ቀመሰች። ዳቦውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። አባዬ የሹፌር ደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ሙሉ ሳህኑን ጠረገው።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ይበላል።»

ከዚያ አራት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ።

እታለም ላሳይህ ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ወራት ምሳ ቤቱን ትታ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትከትፈው። «ና እይ፣ እጄ ሳይዝል» አለችኝ። ኳስ ነበረኝ። የክፍል ውድድር ነበር። በረኛ ነኝ፤ በረኛ አይቀርም።

ማክሰኞ 10

ገባሁ። ምሳ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ረጅሟ ከምድጃው ጀርባ ናት፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብላ ነው የምትሠራው። ስታየኝ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ኩታራ» አለች። ፈገግ ልትል ነበር።

አምስቱ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል። ከእናት በዳቦ ቀመስሁ። ማንጎ ማንጎ አለኝ። እናት ውስጥ ማንጎ ምን ይሠራል?

«ይሄ እናት አይደለም» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ አንድ ነገር ይጎድለዋል። እኔም…»

«የሚጎድለው ባለቤቱ ነው። ሌባ ነሽ።»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ባለ ምሳ ቤቷ ወደኔ መጥታ «ልጄ፣ ሰው እየበላ ነው» አለችኝ። ረጅሟ ፊቷ ሁሉ ደም የለውም። «ወደ ጓሮ ና፣ እንነጋገር» አለች። አልሄድኩም። ስወጣ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለው ሰው «የሟቿ ወንድም ነው፣ ተወው» ሲሉ ሰማሁ። ተወው የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ቦታ የተማሩ ይመስላሉ።

ረቡዕ 11

ልክ ነበርኩ። ሰው ፊት ባልሆን ይሻል ነበር። ግን ልክ ነበርኩ።

ዓርብ 13፣ ጠዋት

አባዬ ለመጀመሪያው ጉዞ ሲነሳ ከግድግዳው ወዲያ ሰማኋቸው።

«ልንገረው?» አለች እማዬ።

«ቆይ፣ ትንሽ ይጠንክር።»

«እስከዚያ ሌላ ሰው ይሰበራል።»

የፈተና ውጤቴን አይተው ይሆናል።

ሰኞ 16

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወንፊት። ቲማቲሙን ከትፋ ወንፊት ላይ ታደርገውና «መጀመሪያ ያልቅስ» ትል ነበር። እስኪያለቅስ ሽንኩርቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ዛሬ እንደዚያ አደረግሁ። ውሃው ጠብ ጠብ ብሎ ወረደ፣ ቲማቲሙ ቁርጥ ቁርጡን እንደያዘ ቀረ። ሲያዩት እሷ የሠራችው ይመስላል።

ጨው ግን አልያዝልህ አለኝ። ፊሽካ ሊያስጠናኝ መጥቶ ነበር፤ አስቀመስኩት።

«ከባሕር ነው የቀዳኸው?»

ሁለተኛውን ሠራሁለት።

«ይሄ ደግሞ ለበሽተኛ ነው።»

ሦስተኛውን ሠርቼ ስዞር ዳቦው አልቋል። ፊሽካም ጃኬቱን ለብሷል።

ረቡዕ 18

ስገባ ረጅሟ ቤታችን ነበረች። መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ከእማዬ የስፌት መኪና አጠገብ። እማዬ እጇን ይዛታለች።

«ምን ትሠራለች እዚህ?»

«ተቀመጥ» አለች እማዬ።

«ደብተሩን ትመልስ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

መርፌ አፏ ውስጥ አልነበረም።

«እህትህ ናት ስጪያት ያለችኝ፣ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት። ‹እጇ ጥሩ ነው፣ ትሥራበት፤ ስማቸውን ብቻ እንዳትቀይር› አለች። ለአንተ ቀስ ብዬ እንድነግርህ አደራ ብላኛለች። እኔ ነኝ ያቃተኝ። ዛሬ ነገ ስል ይኸው።»

«ለምን ለኔ አልሰጠችኝም?»

ረጅሟ ቀና አለች። «ሦስት ጊዜ ጠርታህ…»

«ዝም በይ» አለቻት እማዬ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ኳስ ነበር፣ ሌላው ፈተና። ሦስተኛ የለም።

እሑድ 22

አባዬ አውቶቡሱ በተበላሸበት ቁጥር «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላል። ከአንድ ፈረስ መውደቅ ያለ ነው። እኔ ስንት ፈረስ ላይ ነበርኩ?

እማዬ መርፌዋን ነክሳ ዋሸችኝ። አባዬ እያወቀ ወርቅ አይደለም አለኝ። ረጅሟ ሌባ ስላት አንድ ቃል ብትናገር ያበቃ ነበር፤ አልተናገረችም፣ የእማዬን ሚስጥር ጠብቃ እኔን ሰው ፊት ሞኝ አደረገችኝ። ሦስቱም ያውቁ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ በላን፣ ደብተሩን ፈልጌ መሳቢያ ስገለብጥ አዩኝ፣ አልጋ ሥር ገብቼ ስፈልግ አባዬ ባትሪ ያዘልኝ። ባትሪ ያዘልኝ!

እታለምን እዚህ ላይ ልጽፋት አልችልም። የሞተ ሰው ከዳኝ አይባልም። ግን አምስት ስም አውጥታ፣ አንዱን እኔን አድርጋ፣ ለሌላ ሰው ሰጠችን።

ሦስተኛውን አስታወስኩት። ከፊሽካ ጋር በመስኮቱ ሥር እያለፍን ነበር። «ኩታራ፣ ግባ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ፊሽካ «እህትህ ትጠራሃለች» አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። ወደ ሜዳ ሄድን። በዚያ ሰሞን እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏት የአባዬን ነጠላ ጫማ ነበር የምታደርገው። ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ይህ ከነገሩ ጋር አይገናኝም። አራት ለአንድ ተሸነፍን።

ማክሰኞ 24

ረጅሟ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከልጆቹ ሁሉ አንገት በላይ ትታይ ነበር። ደብተሩን በፕላስቲክ ይዛለች።

«እንካ፣ ዛሬ ገልብጥና ነገ ጠዋት መልስልኝ። ሥራዬ በሱ ነው።»

ተቀበልኳት። መሄድ አልቻለችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናት አልሆነልኝም። ሌላው ሁሉ ያልቃል፣ እናት ሳህን ላይ ተርፋ ትመለሳለች። አንተ ቀምሰህ ይሄ እናት አይደለም ብለሃል። ልክ ነህ።» ገጹን ገለጠችው። «ይኸውልህ፣ ከታች። ‹ኩታራ ሲገባ ጨው።› እኔ ማንጎውን ለብቻ ሠርቼ አንድ ጭልፋ አስገባበታለሁ፣ ከዚያ ጨው። እንደዚያ ነው? መጠኑን አልጻፈችም።»

የእታለም ጽሕፈት ነው፤ «ጨው» የሚለው ላይ እርሳሱን ጫን አድርጋዋለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በዓለም ላይ ሊገባው የሚችል ሌላ ሰው የለም።

«አንድ ጭልፋ ያንሳል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ሦስት ነው። ሞልቶ። ጨውም እንደ ማንጎው ሦስት፣ በትልቁ ማንኪያ።»

«ሦስት?»

«ሲሠራ አይቻለሁ።»

«ተባረክ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። እስከ ቤት ድረስ የእጇ ክብደት አናቴ ላይ ነበር።

ረቡዕ 25

ጠዋት መልሼላታለሁ። የሚጠቅመውን ሁሉ ገልብጫለሁ። ከኋላ ያሉት ገጾች ቀን ቀን የተጻፈ ነገር ነው፣ አይጠቅምም፣ ዘለልኩት።

የዚያ መስመር ትርጉሙ እንዲህ ነው። ሐኪሙ እታለምን ጨው ከልክሏት ነበር። ሁለት ዓመት በምላሷ አልነካችም። አባዬ ሥራ ላይ ነው፣ እማዬ ደግሞ ልብስ ልታደርስ ትወጣለች። ስለዚህ ሳልሳውን ሁሉን ነገር ጨርሳ፣ ጨው ብቻ አስቀርታ ትጠብቀኝ ነበር። በር ስከፍት፣ ቦርሳዬ ከጀርባዬ ሳይወርድ፣ ማንኪያው አፌ ውስጥ ነው። «ይጨመር?» «ይጨመር።» «አሁንስ?» «በቃ።» በቃ ካልኩ በቃ ነው። ኩታራ ሲገባ፣ ጨው። ኩታራ እኔ ነኝ፣ መግባቱም በበር ነው።

ለረጅሟ ይህን መንገር ነበረብኝ? ሁሉን ወስዳለች። ይህቺ እንኳ ለኔ ትቅር።

ዓርብ 27

ፊሽካ እያፏጨ ነገረኝ። እናቱ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ናት። ዛሬ ለክሊኒኩ ሠራተኞች ስብሰባ የስድሳ ሰው ምሳ ከምሳ ቤቱ ታዞ ነበር። «እናት የሚሉትን የቀመሰ ሁሉ ሶፍት ፍለጋ ሮጠ። ማርማላታ ከባሕር ውሃ ጋር ነው አለች እናቴ። ዶክተሩ ‹ማን ሊገድለን ፈልጎ ነው?› አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ባለ ምሳ ቤቷ ግን አልሳቀችም።»

ረጅሟን ከምድጃው አንስታ ዕቃ ማጠቢያ ላይ አድርጋታለች። ሳልሳ ቀርቷል። ሰሌዳው ተደምስሷል።

የፈለግሁት ይሄ ነበር።

ቅዳሜ 28

ቁርስ አልበላሁም። እማዬ ሱሪ እየተኮሰች «ልጅቷ ደወለችልኝ» አለች። «ስለ ሥራዋ አይደለም ያለቀሰችው። ‹ስሟን አበላሸሁባት› ነው የምትለው።»

«የማንን?»

«የማንን ይሆናል?»

ካውያው ላይ ውሃ ረጨች። ቸስ አለ። የምታውቅ አይመስለኝም። ታውቅ ይሆን?

ሰኞ 30

በጓሮ በር ገባሁ። ረጅሟ እጅጌዋን ሰብስባ ድስት እየፈተገች ነበር። ገንዳው ለሷ ቁመት ስላልተሠራ ወገቧ ሁለት ታጥፏል።

«ሦስት ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት።

«ገምቻለሁ።» መፈተጓን አላቆመችም።

«ማንጎም አይደለም። ኩታራ ያለችው እኔን ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ ማለቷ ነው። እሷ ጨው አትቀምስም ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምቀምሰው።»

ቧንቧውን ዘጋችው። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው ዳቦ ጨምሩልን ይላል።

«የኋላውስ?» አለች ቀስ ብላ። «‹ኩታራ አልገባም› የሚለውስ? እኔ ማንጎ ያላገባችበት ቀን መስሎኝ ነበር። ማንጎ የጠፋበት ወር ነው ብዬ።»

አንድ የታጠበ ክዳን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«አሥራ አንድ ቀን ነው እኮ።»

«ኳስ…» አልኩ።

ቀና ስትል ጣሪያው ነካት። «ሰው ፊት ሌባ ስትለኝ ቻልኩት፤ ልጅ ነው፣ አዝኗል አልኩ። የዓርቡን ግን ዛሬ አልችለውም። ይቅርታ ብትለኝም አልሰማህም። አሁን ሂድልኝ።» በሩ ጋ ስደርስ «ገልብጠሃል ሁሉንም?» አለችኝ።

«የሚጠቅመውን።»

«ረቡዕ ና።»

ለባለ ምሳ ቤቷም ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ስድሳ ሰው ነው የቀመሰው፣ ለስድሳው ንገር» አለችኝ። ረጅሟ ገና አንድ ወር ሙሉ ዕቃ ታጥባለች።

ረቡዕ 2

ይህን የምጽፈው ከምሳ ቤቱ ጓሮ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ስገባ ረጅሟ ሰላምታ አልሰጠችኝም። እጇን በሽርጧ አደረቀች፣ ደብተሩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች፣ የኋላውን ገጽ ገለጠችና «የዘለልከውን ጻፍ» ብላ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች። ሌላ ወረቀት አልያዝኩም።

«ሰኞ 6። እናት። ኩታራ አልገባም። እስኪመሽ ጠበቅሁት። ያለ ጨው ቀረበ፣ አባዬ ዝም ብሎ በላ።»

«ማክሰኞ 7። እናት። ኩታራ አልገባም። ኳስ አለው።»

«ሐሙስ 9። ጎረቤት። ኩታራ አልገባም። በመስኮት ጠራሁት፣ ሩቅ ነበር፣ አልሰማኝም።»

«ዓርብ 10። እናት። ኩታራ አልገባም። ራሴ ቀመስኩት። ትንሽ ጨው ነው፣ ለእማዬ እንዳትነግሩ።»

ረጅሟ ሳትዞር «ጨረስክ?» አለችኝ።

ሰባት ይቀረኛል።